በአውሮፓ ብርድ አራተኛ ዓመቴ፦ ማስተማር፣ ባቡርና ገና

መምህር ከቪየና

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ልጻፍ አልኩ። ሰሞኑን አንድ ልጅ እዚህ መድረክ ላይ «አውሮፓ ልመጣ ነው፣ ብርዱን እንዴት ልቻለው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የመለሰለት ሁሉ «ቤትህ ተቀመጥ፣ ማሞቂያህን ክፈት፣ እስኪያልፍ ታገስ» አለው። አስባችሁለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልስማማም። እኔ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት እንደዚያ አሳልፌ፣ ዛሬ ዞር ብዬ ሳስብ ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው አንድም ነገር የለም።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ሒሳብ አስተምራለሁ። ቪየና አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ተቀጥሬ ስመጣ ብርድ የሚባል ነገር አላሳሰበኝም። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርን ውርጭ በባዶ እግራችን ረግጠን ትምህርት ቤት የሄድን ልጆች ነን። እውነትም ብርዱ አልጣለኝም። የጣለኝ ጨለማው ነው።

ዲሴምበር ላይ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ያውም ደመና ከሌለ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ ጋር ነው፤ ሲነጋ 12፣ ሲመሽ 12። ያ አቆጣጠር እዚህ ሲፈርስብኝ ውስጤ አብሮ የተናጋ መሰለኝ። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሳስተምር መስኮቱ ጥቁር ሆኖ የራሴን መልክ ነበር የሚያሳየኝ። ከዚያ ቤት። አልጋ። ስልክ። እናቴ «በላህ?» ትለኛለች፣ «በላሁ» እላታለሁ፣ አበቃ። ጋቢዬን ተከናንቤ ሦስት ወር።

ያወጣኝ አንድ የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ፌብሩዋሪ ላይ የአንድ ሳምንት የሴሚስተር ዕረፍት አለ። ቪየናና በዙሪያዋ ያለው ክልል መጀመሪያ ይዘጋሉ፤ ሌሎቹ ክልሎች በየሳምንቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ታላላቆቹ መምህራን እስካሁን «የኃይል ዕረፍት» ነው የሚሉት። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። በፈረንጆቹ 1973 ነዳጅ ሲወደድ መንግሥት የትምህርት ቤቶችን ማሞቂያ ለአንድ ሳምንት ዘግቶ ነዳጅ ለመቆጠብ በ1974 የጀመረው ነው አሉኝ። ችግሩ አለፈ፣ ዕረፍቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ሳምንት የአስተማሪዎቹ ክፍል ባዶ ሆነ። ሁሉም ወደ ተራራ ሄደ። እኔ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁለት ቀን አለፈኝ። በሦስተኛው ቀን ካፖርቴን ለብሼ ባቡር ጣቢያ ሄድኩና ሴመሪንግ የሚል ትኬት ቆረጥኩ። ስሙን የመረጥኩት አንድ ተማሪዬ ስለጠራው ብቻ ነው።

ከቪየና ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። ግሎግኒትስ የምትባል ከተማ እስክትደርሱ ሜዳ ነው፤ ጭቃና ግራጫ ሰማይ። ከዚያ ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ መዞር ይጀምራል። አንድ ዋሻ ገብተን ስንወጣ ዓለም ነጭ ሆነ። ዛፉ፣ ጣሪያው፣ አጥሩ። ባቡሩ ሲታጠፍ የራሳችንን የፊት ፉርጎ በመስኮቴ አየሁት፤ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ድልድይ ላይ እየሄደ ነበር። እና ፀሐይ! ደመናው ከታች ቀርቶ እኛ ከላይ ነን። ለስንት ሳምንት ያላየኋት ፀሐይ ፊቴ ላይ አረፈች። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ።

ስለዚያ ሐዲድ ቆይቼ ያነበብኩትን ካልነገርኳችሁ አልሆነልኝም። 41 ኪሎ ሜትር ነው። ከ1848 እስከ 1854 ተሠራ። ዲናሚት ገና አልተፈለሰፈም፤ ዋሻዎቹን በእጅና በባሩድ ነው የፈለፈሉት። 20,000 ገደማ ሠራተኛ ተሰማርቶበታል፤ ብዙዎቹ በበሽታ እዚያው ቀርተዋል። ዋናው መሐንዲስ ካርል ፎን ጌጋ ቬኒስ የተወለደ፣ ገና በወጣትነቱ ፓዶቫ ላይ በሒሳብ ዶክተር የሆነ ሰው ነው። ያን ዳገት መውጣት የሚችል ሎኮሞቲቭ በዓለም ላይ ሳይኖር ነው ሐዲዱን መሥራት የጀመረው። ሎኮሞቲቩ በኋላ በ1851 ውድድር ተደርጎ ተፈለገለት። ስሌቱን አምኖ ገባ። ዩኔስኮ መንገዱን በ1998 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ አሁን በየዓመቱ ስሎፕ ሳስተምር የምጀምረው ከእሱ ነው። በ1,000 ሜትር 25 ሜትር ገደማ የሚወጣ ሐዲድ ሰሌዳ ላይ ስላችሁ አሳዩአቸው። ልጆቹ «ይሄማ ሜዳ ነው» ይላሉ። ከዚያ ለብረት ጎማ ምን ማለት እንደሆነ እናሰላለን። ክፍሉ ዝም ይላል።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ደንብ አወጣሁ። በብርዱ ወቅት በወር ቢያንስ አንድ ቅዳሜ ባቡር ላይ እወጣለሁ። ሩቅ መሆን የለበትም። ብራቲስላቫ አንድ ሰዓት ነው፣ የሌላ ሀገር ዋና ከተማ። ዕረፍት ሲሆን ሳልዝበርግ፣ ፕራግ፣ ቡዳፔስት።

ቡዳፔስትን ግን በአንድ መስመር አላልፋትም። ጃንዋሪ ነበር፣ ከዜሮ በታች 6። በ1896 በተከፈተችው ትንሿ ሜትሮ ወደ ከተማው መናፈሻ ሄድኩ። እዚያ ሴቼኒ የሚባል በ1913 የተከፈተ ፍልውሃ አለ፤ ቢጫ ቤተ መንግሥት የሚመስል ሕንፃ። መዋኛው ሜዳ ላይ ነው። በረዶ እየጣለ ሰው ውሃ ውስጥ ነው። ከልብስ መቀየሪያው እስከ ውሃው ያለው ሃያ እርምጃ እግር ይቆርጣል። ከዚያ ትገባላችሁ። እስከ አንገት። እንፋሎቱ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ይሸፍነዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ቼዝ ይጫወታሉ፤ ጸጉራቸው ላይ በረዶ አለ። ያኔ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ከተማችንን የመሠረቱት በዚህ ዓይነት ውሃ ምክንያት አይደል? አባቴ ወገቡን ሲያመው ፍልውሃ ይዤው እሄድ ነበር። ወረፋ ጠብቀን፣ ሳሙናችንን በፌስታል ይዘን። ያ የድኝ ሽታ፣ ያ እርጥብ ግድግዳ። እዚያ ውሃ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። እንፋሎት ስላለ ማንም አያይም።

ጥያቄ ካላችሁ እመልሳለሁ።


ገርጂ ፊዚክስ — አዲስ አበባ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም መምህር ነኝ፣ ፊዚክስ። ለአንድ የአውሮፓ ትምህርት ቤት አመልክቼ ቃለ መጠይቅ ላይ ደርሻለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ የዕለት ኑሮው እንዴት ነው፣ ክፍል ውስጥ በተለይ? ሁለተኛ፣ ልብስ ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ? ሦስተኛ፣ ጿሚ ነኝ። ጾመ ነቢያት የሚውለው በዚያው ብርድ መሀል ነው። ምን ትበላለህ?


መምህር ከቪየና

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ቃለ መጠይቅ ከደረስክ ትልቁን አልፈሃል።

ክፍል ውስጥ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ ነው። ከተማዋ የተባበሩት መንግሥታት መቀመጫ ስለሆነች ልጆቹ ከየሀገሩ ናቸው። ከክፍል ውጭ ግን ጀርመንኛ ካልያዝክ ዳቦ ቤትም፣ ሐኪም ቤትም፣ ጎረቤትም ጋ ባዕድ ነህ። ገና አዲስ አበባ ሳለህ ጀምረው። የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ ቀይ ነጭ ቀይ ካርድ ይባላል፣ እንደ ባንዲራቸው። ሐሳብህን ትምህርት ቤቱ ላይ ብቻ አትጣል፤ የትምህርት ማስረጃህን ራስህ ቀድመህ አስተርጉም፣ ማኅተም አስደርግ። እኔ አንድ ወረቀት ጎድሎብኝ ሦስት ወር ቁጭ ብያለሁ።

ብርዱ ክፍል ውስጥም ይገባል። በረዶ ሲጥል የእግረኛ መንገድ ላይ ጠጠር ይበተናል። የሕንፃ ባለቤት ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ደጁን የማጽዳት ግዴታ አለበት፣ በሕግ። ያ ጠጠር ጫማ ሥር ይገባና እስከ ኮሪደሩ ይመጣል። ትንንሾቹ ልጆች በር ላይ ቡትሳቸውን አውልቀው የቤት ጫማ ያደርጋሉ፤ የሀገሩ ልማድ ነው። ጠዋት በኮሪደሩ ሳልፍ የሃያ ሕፃን ቡትስ ተደርድሮ፣ ከሥሩ በረዶው እየቀለጠ፣ አንዱ ጓንት ከወንድሙ ተለይቶ መሬት ላይ ወድቆ አያለሁ። ያን ጓንት አንስቶ ማሞቂያው ላይ ማስቀመጥ የጠዋት ሥራዬ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ደስ ይለኛል።

ልብስ፦ ካፖርትና ጫማ እዚህ ግዛ። ከዚያ የምታመጣው ጋቢ ነው። ጋቢ የሚተካ ነገር አላገኘሁም። ከውስጥ የሚለበሰው ስስ የሱፍ ልብስ ከወፍራም ሹራብ ይበልጣል። እግርህን ጠብቅ፤ እግር ከሞቀ ሌላው ይታለፋል።

ጾም፦ ጥያቄህ ልቤን ነካው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ነው፣ እዚህ ደግሞ የገና ገበያቸው የሚከፈተው ያኔ ነው። ከተማው ሁሉ ቋሊማና አይብ ይሸታል። የመጀመሪያው ዓመት ከሥራ ስወጣ መንገድ ቀይሬ እሄድ ነበር። በኋላ ማሮኒ የሚባል የዛፍ ፍሬ አገኘሁ። በየመንገዱ ዳር ከሰል ምድጃ ላይ ይጠበሳል። የበቆሎ እሸት ጠባሿን አስባት፣ እንደዚያ ነው። ፍሬው ቡናማ ነው፤ ቅርፊቱ በቢላ ይሰነጠቅና ሲሞቅ ይፈነዳል። በወረቀት ጥቅልል ይሰጡሃል። ኪስህ ውስጥ ስትከተው እጅህን ያሞቃል፣ ስትበላው ስኳር ድንች ይመስላል። ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። ምስርና ሽሮ ደግሞ ቤት አለ። ምንም አይቸግርህም።


የስቶክሆልሟ ነርስ

መምህር፣ በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ አትቀየሙኝ። የትምህርት ቤት ዕረፍት ያለው ሰው ባቡር ይሳፈራል። ብዙዎቻችን ግን ሌሊት እንሠራለን። እኔ ስቶክሆልም 11 ዓመቴ ነው። ዲሴምበር ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት በጨለማ እወጣለሁ፣ ተኝቼ ስነሳ ጨለማ ነው። ቀን የሚባል ነገር ሳላይ ሳምንት ያልፋል። ለእንደኔ ያለው ሰው «ውጣ፣ ተንቀሳቀስ» ብቻ ብንለው ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል። ጨለማው በሽታም ያመጣል። ሐዘኑ ከበረታ ሐኪም ማየት ነውር የለውም። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ተመርመሩ። የእኛ ቆዳ በዚህች ትንሽ ፀሐይ በቂውን አያገኝም። እኔ ራሴ ነርስ ሆኜ ስንት ዓመት ሳልመረመር ቆየሁ፤ አጥንቴን ሲያመኝ ድካም ነው ብዬ ነበር።

ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ዲሴምበር 13 ሉሲያ የሚባል በዓል አላቸው። አንድ ዓመት ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ሊነጋጋ ሲል ልጆች ነጭ ቀሚስ ለብሰው ወደ ዋርዳችን መጡ። የፊተኛዋ ራሷ ላይ ሻማ አለ። መብራቱን አጠፋን። እየዘመሩ በኮሪደሩ በቀስታ አለፉ። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ቃል ያልተነፈሱ አንዲት አሮጊት ታካሚ ነበሩኝ። ከልጆቹ ጋር መዝሙሩን ጀመሩ። እጃቸውን ይዤ ቆምኩ። ሲጨርሱ ሳፍራን ያለበት ቢጫ ዳቦ አደሉን። እኔ ጾም ላይ ስለነበርኩ ድርሻዬን ለእሳቸው ሰጠሁ። ያንን ጠዋት ባቡር ላይ አልወጣሁም፣ ግን ተጉዣለሁ ብዬ ነው የማስበው።


መምህር ከቪየና

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። የጻፍኩት የራሴን ዕድል ይዤ ነው። የሌሊት ሠራተኛን አላሰብኩም፤ ይቅርታ። ስለ ሐኪሙም ልክ ነሽ። የመጀመሪያው ዓመት እኔም መሄድ ነበረብኝ፣ አልሄድኩም። ሰውየው አልጋው ውስጥ ብቻውን እንዳይቀር ነው የፈለግኩት። ያቺ ጠዋትሽ ከሴመሪንግ ትበልጣለች።


ሙኒክ ነኝ

ሁለት ነጥብ አለኝ። መጀመሪያ ስለ ቃሉ። መምህር «ብርዱ ወቅት» ብሎ በመጻፉ አመሰግናለሁ። እኛ ሰፈር ሁሉም «ክረምት» ይለዋል። ልጄ «አባዬ፣ ክረምት በረዶ የሚጥልበት ነው» ስትለኝ እቆማለሁ። ክረምት ሰኔ ነው፣ ሐምሌ ነው። ጭቃው፣ ጎርፉ፣ የትምህርት ቤት መዘጋቱ፣ ቆሎው። ዲሴምበርማ በጋ ነው፣ እህል የሚታጨድበት። እዚህ ያለውን «ዊንተር» እላታለሁ፣ ክረምትን ለሀገሯ ዝናብ አስቀምጬላታለሁ። ቃሉ ከተደባለቀ አንድ ቀን ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ስትደርስ አያቷ የሚሏት አይገባትም።

ሁለተኛው ለተጓዦች። የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና ፓስፖርታችሁን ሳትይዙ ከሀገር ሀገር ባቡር እንዳትሳፈሩ። ድንበር የለም የሚባለውን አትመኑ። ጀርመን ከኦስትሪያ በኩል ከ2015 ጀምሮ ቁጥጥር አላት። እኔ ከሳልዝበርግ ስመለስ ፈቃዴን ሌላ ጃኬት ውስጥ ረስቼ ነበር። ከሙሉ ፉርጎ የተጠየቅኩት እኔና አንድ ሶርያዊ ልጅ ብቻ ነን። አወረዱን። ሁለት ሰዓት ያህል ፕላትፎርም ላይ ብርድ ላይ ቆምን። ባለቤቴ የፈቃዴን ፎቶ ልካልኝ ነው የለቀቁኝ። ልጁን ወዴት እንደወሰዱት አላውቅም። ስስ ጃኬት ነበር የለበሰው። አሁንም ያ ጣቢያ ጋ ባቡሩ ሲቆም ያ ልጅ ነው የሚታየኝ።


መምህር ከቪየና

ልጁን ስታነሳ ምን እንደምልህ አጣሁ። እኔም ከቡዳፔስት ስመለስ ተጠይቄ አውቃለሁ፣ ካርዴን ስለያዝኩ በሰላም አለፈ። ገርጂ፣ ይህንን ከሁሉ በላይ ያዝልኝ። ካርድህ ካፖርትህ ኪስ ውስጥ አይቀመጥ፤ ካፖርት ይቀየራል። አንገትህ ላይ ይሁን።

ስለ ክረምት ያልከውን ለልጆቹ ክፍል እወስደዋለሁ። የኢትዮጵያ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩበት ቤት አለን፣ እዚያ እረዳለሁ።


ጋሽ ጠገራ — ቨርጂኒያ

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጽሑፍ አላበዛም። ይህ መምህር ስለ «ኃይል ዕረፍት» ሲጽፍ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። ያ ነዳጅ የተወደደበት ጊዜ እኛን ምን እንዳደረገን ታውቃላችሁ? የካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። በነዳጁ ምክንያት ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ሰሞን መምህሮቻችን ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ለውጥ ዕቅድ ተቆጥተው አድማ መቱ። ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ለእነሱ ልጆች አንድ ሳምንት የበረዶ ሸርተቴ የሆነው ነገር ለእኛ አብዮት ሆነ። በአንድ ወር፣ በአንድ ነዳጅ። ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬ ነው ሁለቱን አንድ ላይ ያየኋቸው። ልጄ፣ ተባረክ።

ቪየና ካልክ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማርትሬዛን፣ ያቺን ጠገራ ብር ላይ መልኳ ያለውን የኦስትሪያ ንግሥት፣ አይተሃታል ወይ? ስሜን ከእሷ ነው የወሰድኩት። አባቴ ነጋዴ ነበር፤ ጠገራ ብር ሲቀበል ዘውዷ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጥፍሩ እየነካ ይቆጥር ነበር። ከዚያ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል።


መምህር ከቪየና

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። የየካቲትን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ ነገ ነው የምነግራቸው።

ማርትሬዛን አይቻታለሁ። ሁለት ጊዜ። አንደኛው ትልቁ ሐውልቷ ነው፣ በ1888 የቆመው፣ በሁለት ሙዚየሞች መሀል። በዲሴምበር ከሥሯ የገና ገበያ ይተከላል። ማሮኒዬን ይዤ ቀና ብዬ ስመለከታት ያቺ ፊት ናት፤ ሙሉ ጉንጭ፣ ከላይ የምታይ። ሁለተኛው መቃብሯ ነው። ካፑቺን መነኮሳት የሚጠብቁት ምድር ቤት አለ፣ ንጉሣውያኑ የተቀበሩበት። ከባሏ ጋር አንድ ትልቅ የብረት ሳጥን ውስጥ ነች። ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል።

አያቴ አንድ ጠገራ ነበራት፤ ተበስቶ በማተብ አንገቷ ላይ የሚውል። ሕፃን ሆኜ ስታዝለኝ እሱን ነበር የምይዘው። 28 ግራም ገደማ ነው፤ ለሕፃን እጅ ከባድ ነው፣ ከሰውነቷ ሙቀት ይወስዳል። ላዩ ላይ ያለው 1780 ሴትዮዋ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ትውልድ ሲያትመው ቁጥሩን አልቀየሩትም፣ የእኛ ሰው ሌላ ቁጥር አልቀበልም ስላለ። ጣሊያን በፈረንጆቹ 1935 ሀገራችንን ሊወር ሲነሳ የማተሚያውን ቅርጽ ወስዶ ሮም ላይ ያትም ነበር፤ ያለ ማርትሬዛ ኢትዮጵያ ውስጥ ዳቦ መግዛት እንደማይችል ያውቃልና። እዚያ ምድር ቤት ቆሜ ያሰብኩት አያቴን ነው። ቪየና የሚባል ስም ሰምታ አታውቅም። ግን የዚህችን ሴት ፊት ዕድሜ ልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ኖራለች።


የግራዝ እናት

ሁላችሁንም እያነበብኩ እንባዬ መጣ። ግራዝ ነኝ፣ ኦስትሪያ። ለመምህርም ለሌሎቹም አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እዚህ ከአዲስ ዓመት በኋላ ልጆች እንደ ሦስቱ ነገሥታት ለብሰው፣ ኮከብ ይዘው ቤት ለቤት ይዘምራሉ። ለድሆች ገንዘብ ይሰበስባሉ። በር ላይ በጠመኔ የዓመቱን ቁጥርና ሦስት ፊደል ይጽፋሉ። ካቶሊኮቹ ናቸው የሚያዘጋጁት። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። የክፍሉ ልጆች ጠሩት። በድሮ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ልጅ ፊቱን ጥቁር ቀብተው ነበር የሚያወጡት። ይህን ሳውቅ ልቤ ፈራ፤ የእኔን ልጅ ለቆዳው ብቻ ፈልገውት እንዳይሆን አልኩ። ልጠይቅ ሄድኩ። አስተባባሪዋ «ማንን መሆን እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ» አለችኝ።

ማታ ቁጭ ብዬ መዝሙረ ዳዊትን አነበብኩለት፦ «የዓረብና የሳባ ነገሥታት እጅ መንሻን ያቀርባሉ።» «ሳባ እኛ ነን?» አለኝ። «ነን» አልኩት። በነገታው ያው ከወርቅ ወረቀት የተሠራ ዘውድ አድርጎ ወጣ። ከላዩ ላይ ግን ሌላው ልጅ የመጋረጃ ጨርቅ ሲለብስ እሱ የአያቱን ነጠላ ለበሰ፣ ባለ ጥበብ። አንዲት አሮጊት በር ከፍተው አዩትና «አንተስ ከየት ነው የመጣኸው?» አሉት። እንደ ጨዋታው «ከምሥራቅ» ማለት ነበረበት። «ከሳባ፣ እናቴም ከዚያ ናት» አላቸው በጀርመንኛ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። ጠመኔው አሁንም በራችን ላይ አለ።


ገርጂ ፊዚክስ — አዲስ አበባ

እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን አላውቅም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ አንድ የመጨረሻ። ገና እንዴት ነው? ሥራ ላይ ነህ?


መምህር ከቪየና

ይህ ነው ከሁሉ የሚያመኝ ነገር፣ እውነቱን ልንገርህ። እዚህ የገና ዕረፍት ጃንዋሪ 6 ያልቃል፤ የሦስቱ ነገሥታት ቀን ነው፣ የሕዝብ በዓል። ትምህርት የሚከፈተው በ7 ነው። የእኛ ገና ዕለት። የመጀመሪያው ዓመት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ክፍል ቆሜ ነበር። ሀገር ቤት ዶሮው ወጥቷል፣ እናቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች፣ እኔ ስልኬን ዘግቼ እኩልዮሽ እጽፋለሁ። «እንኳን አደረሰህ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ማንም ስላላወቀ ነው፣ በክፋት አይደለም።

በሁለተኛው ዓመት ቀድሜ ኅዳር ላይ ለርእሰ መምህሩ ነገርኩ። ለምን እንዳልተናገርኩ ነው የጠየቀኝ። አንዲት ግብጻዊት የኬሚስትሪ መምህርት አብራን አለች፤ ኮፕቶችም በ7 ነው የሚያከብሩት። እሷም ለዓመታት ዝም ብላ ነበር። ሁለታችንም አሁን ሌላ ቀን ተክተን እንሠራለን። ስለዚህ ስትቀጠር ተናገር። ከመጀመሪያው ቀን። አትፈር።

ዘንድሮ እንዲህ ሆነ። ጃንዋሪ 6 ማታ ከምንሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። የተከራየናት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ማሞቂያዋ ደካማ ነው። ካህኑ ሲናገሩ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። ነጠላችንን ከካፖርት በላይ ነው የምንለብሰው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስንወጣ በረዶ ይጥል ነበር። ሁላችንም ነጭ ለብሰን ነጭ መንገድ ላይ ቆምን። ጠጠሩ ገና አልተበተነም። አንዲት እናት «ተያያዙ፣ ትወድቃላችሁ» አሉን። ከወጣት እስከ አዛውንት እጅ ለእጅ ተያይዘን እስከ ሌሊቱ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ወረድን።

የፊታችን ቅዳሜ ብራቲስላቫ ነኝ። የ3 ሰዓት ከሩቡ ባቡር ነው። ቅዳሜ አማርኛ ከሚማሩት ልጆች ሁለቱ ከወላጆቻቸው ጋር ይመጣሉ፣ የዳኑብን ወንዝ በበረዶ ወቅት አይተውት አያውቁም። በዚህ ከተማ ያላችሁ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ መግቢያው ላይ እጠብቃችኋለሁ። ጋቢ ለብሼ ታገኙኛላችሁ።